የሲሊካ ክሪስታሎች፣ ከጣና ዳር ሲታዩ

ሲሊካ የሲሊከንና የኦክስጅን ውህድ ነው። ባሕር ዳር ላይ ኮብልስቶን የሚጠርብ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲሊካ ሲመታ ይውላል። የሚጠርበው ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ነው፤ ግማሽ የሚጠጋው ክብደቱም ሲሊካ ነው። ግን ያ ሲሊካ ከብረት፣ ከማግኒዚየምና ከካልሲየም ጋር ተሳስሮ ሌላ ማዕድን ሆኗል። ራሱን የቻለ የሲሊካ ክሪስታል ለማየት የድንጋዩን ቀዳዳዎች ማየት ይሻላል።

ቀዳዳው የጋዝ አረፋ የነበረበት ቦታ ነው። ላቫው ሲቀዘቅዝ አረፋው ባዶውን ይቀራል። ከዚያ ሲሊካ ያሟሟ ውሃ ዘመናት ሙሉ እየሰረገ ይገባና ግድግዳውን በስሱ ይለብጠዋል። ራሱን የቻለው የሲሊካ ክሪስታል ኳርትዝ ይባላል፤ እንዲህ የሚፈጠረው ደቃቅ ኳርትዝ ደግሞ ኬልቄዶን። ቀለበት ቀለበት የሠራው አጌት ነው፤ ሐምራዊው ትልቅ ክሪስታል ደግሞ አሜቴስጢኖስ። ኬልቄዶንና አሜቴስጢኖስ ከዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 21 የምናውቃቸው ስሞች ናቸው። ሁለቱም ዛሬ የኳርትዝ ዓይነቶች መጠሪያ መሆናቸው ደስ ይለኛል።

ነጭ ሁሉ ግን ኳርትዝ አይደለም። ጥቁር ድንጋይ ውስጥ ነጭ ዓይን ካየህ በቢላ ጫፍ ጫር አድርገው። ከተጫረ ካልሳይት ወይም ዚዮላይት የተባለ ሌላ ማዕድን ሊሆን ይችላል። ድንጋዩ ሳይጫር የቢላው ብረት ግራጫ መስመር ትቶበት ካለፈ ግን የኳርትዝ ዘር ነው። የኳርትዝ ጥንካሬ ከ1 እስከ 10 በሚሄደው የሞህስ መለኪያ 7 ነው፤ መስታወትም ይጭራል።

ኳርትዝ በገፍ ያለው ከባዛልቱ በታች ነው። ዓባይ ከጣና ወጥቶ፣ ጢስ ዓባይን አልፎ ወደ በረሃው ሲወርድ የቆረጠው ገደል የአሸዋ ድንጋይ ያሳያል፤ እሱ በአብዛኛው የኳርትዝ ቅንጣት ነው። በምዕራብ ኢትዮጵያ ጥንታዊ ዐለቶች ደግሞ ወርቅ የዐለቱን ስንጥቅ እንደ ደም ሥር ከሞላው ነጭ ኳርትዝ ጋር አብሮ ይገኛል።

ሙቀት ሲጨምር ክሪስታሉ ቅርጹን ይለውጣል። ኳርትዝ በ573 ዲግሪ ሴልሺየስ የአተሞቹን አደራደር በጥቂቱ ያስተካክላል። ከ870 እስከ 1470 ዲግሪ የሚረጋው ትሪዲማይት ነው፤ ከዚያ በላይ እስኪቀልጥ ድረስ ክሪስቶባላይት። ሁለቱም በእሳተ ገሞራ ዐለቶች ውስጥ ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 በወሎ ወገል ጤና አካባቢ የተገኘው ኦፓል የተባለ የከበረ ድንጋይም ውስጡ የእነዚህ የሁለቱ ደቃቅ ድርድር አለበት።

ከባድ ግፊት ሲመጣ ኮኤሳይትና ስቲሾቫይት የተባሉ የሲሊካ ክሪስታሎች ይወለዳሉ። መጀመሪያ በቤተ ሙከራ ተሠሩ፤ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1953፣ ሌላው በ1961። ኋላ ሁለቱም አሜሪካ፣ አሪዞና፣ ከሰማይ የወደቀ ተወርዋሪ ድንጋይ በቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ተገኙ።

ጣና ራሱ ሲሊካ ይሠራል ማለት ይቻላል። በውሃው ውስጥ ዳያተም የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ዋቅላሚዎች አሉ። የሟሟ ሲሊካ ከውሃው እየወሰዱ ቅርፊት ይሠሩበታል። ቅርፊቱ እንደ መስታወት ነው፣ ክሪስታል የለውም። ሲሞቱ ወደ ጭቃው ይወርዳል። እንዲህ ያለ ደለል በጥልቀት ተቀብሮ ብዙ ዘመን ከቆየ፣ መጀመሪያ እንደ ወገል ጤናው ኦፓል ዓይነት ድርድር ይይዛል፤ ቀስ ብሎም ኳርትዝ ይሆናል።