ወረቀት ያልነበረው ሰዓሊ፦ ስለ ጆቫኒ ሴጋንቲኒ የሚባለውና እውነታው

«ጣሊያናዊ ነው» ይሉታል። በቋንቋውም በልቡም ልክ ነው፤ በወረቀት ግን አልነበረም። ሴጋንቲኒ በ1858 ዛሬ ጣሊያን ውስጥ ባለችው በአርኮ ሲወለድ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ከተማዋ በኦስትሪያ ሥር ነበረች። በሰባት ዓመቱ እናቱ ሞተችበት። አባቱ ሚላኖ ወስዶ በአባት የምትገናኘው እህቱ ቤት አስቀመጠው። እህቱ የኦስትሪያ ዜግነታቸው እንዲሰረዝ አመለከተች፤ ተሰረዘ። የጣሊያኑን ሳታስጨርስ ቀረች። በቃ፣ ልጁ አገር አልባ ሆነ።

ይህች ጣጣ ዕድሜ ልኩን ተከተለችው። ሥዕሎቹ በአውሮፓ ሲዞሩ እሱ ፓስፖርት አልነበረውም። ከቢቼ ቡጋቲ ጋር አራት ልጆች ወልደው በሕግ ሳይጋቡ ኖሩ። (አዎ፣ ያው ቡጋቲ ነው፤ የመኪናው ፋብሪካ መሥራች ኤቶሬ የወንድሟ ልጅ ነው።)

«በግ ሲጠብቅ ሲስል የተገኘ እረኛ ነው» የሚለው ደግሞ ቆንጆ ተረት ነው። ስለ ጥንታዊው ጣሊያናዊ ሰዓሊ ስለ ጆቶም ይኸው ይወራል! እውነቱ ያለው ከተማ ውስጥ ነው። በ1870 ሚላኖ ጎዳና ላይ ሲንከራተት ተይዞ የጠባይ ማረሚያ ገባ። ያስተማሩት ጫማ መስፋት ነው። መሳል እንደሚችል ያስተዋለው አንድ ቄስ ነው። ኋላ በሚላኖው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በብሬራ አካዳሚ ተምሯል፤ ስለዚህ «ራሱን በራሱ ያስተማረ» የሚለውም አያስኬድም።

ሴጋንቲኒን «ናቹራሊስት» ይሉታል፤ ይህ ሲባል አበባና ወፍ የሚስል የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እዚህ ግን ነገሩ ኑሮን ሳያሳምሩ መሳል ነው። «አቬ ማሪያ» የሚባለውን ሥዕሉን እዩት። ሐይቅ ላይ አንዲት ጀልባ አለች፣ በጎች ታጭቀውባታል። ሰውየው ይቀዝፋል፣ እናት ልጇን አቅፋ አንገቷን ደፍታለች። ከበስተኋላ ብርሃን አለ። መልአክ የለም፣ ድካም ብቻ።

«በነጠብጣብ ከሚስሉት ፈረንሳዮች የቀዳ ነው» የሚሉም አሉ። ቀለምን ሳይደባልቁ ጎን ለጎን የማስቀመጡ ሐሳብ በዘመኑ የነበረ ነው፤ እሱም በ1886 ገደማ ከሥዕል ነጋዴው ከግሩቢቺ ሰምቶታል። እጁ ግን ሌላ ነው። ነጠብጣብ ሳይሆን ረጃጅም ቀጫጭን መስመር ነው የሚያሰልፈው። ቀረብ ብላችሁ ስታዩት ጥልፍ ይመስላል፤ ራቅ ስትሉ ሣሩ ያበራል።

«ያን ሁሉ ተራራ ስቱዲዮ ተቀምጦ ሣለው» ማለት ግን ግፍ ነው። ትልልቅ ሸራዎቹን ተራራ ላይ አስወጥቶ፣ በእንጨት ሣጥን ከልሎ፣ በብርድ ቆሞ ይሠራ ነበር። ለ1900 የፓሪስ ኤግዚቢሽን የስዊዘርላንዱን የኤንጋዲን ሸለቆ የሚያሳይ ግዙፍ ሥዕል አቅዶ ገንዘብ ጠፋ፤ ሐሳቡ ወደ ሦስት ሸራዎች ተጠቀለለ፦ «ሕይወት»፣ «ተፈጥሮ»፣ «ሞት»። በመስከረም 1899 በዚያው ሸለቆ አካባቢ ካለችው ከፖንትሬዚና መንደር በላይ፣ ከባሕር ጠለል 2,700 ሜትር ገደማ ላይ «ተፈጥሮ»ን እየሠራ ሳለ ሆዱን ታመመ። የሆድ ዕቃ ሽፋን ብግነት ነበር። እዚያው ተራራ ላይ ሞተ፤ ዕድሜው 41።

ሦስቱ ሸራዎች ዛሬ በስዊዘርላንዷ ሴንት ሞሪትዝ በ1908 በተከፈተው ሙዚየም፣ ጉልላት ሥር ተሰቅለዋል። «ሞት» አላለቀም።