ኤች 2 ምንድን ነው?

ኬብሮንን የአማርኛ አንባቢ ከኦሪት ያውቃታል፤ አብርሃም ሚስቱን ሣራን ለመቅበር ከኬጢያዊው ኤፍሮን በ400 ሰቅል ብር ዋሻ የገዛባት ከተማ ናት። ነዋሪዎቿ አል ኸሊል የሚሏት ይህች የዌስት ባንክ ከተማ ዛሬ ከ200,000 በላይ ፍልስጤማውያን ይኖሩባታል፤ በወይኗ፣ በቆዳ ሥራዋና በብርጭቆዋ የታወቀች ናት። ከምሥራቅ ኢየሩሳሌም በቀር፣ የእስራኤል ሰፋሪዎች በፍልስጤማውያን ከተማ መሐል፣ ከገበያተኛው ደጃፍ ላይ ሰፍረው የሚኖሩባት ከተማ እሷ ብቻ ናት። እነሱ የሚኖሩበትና የእስራኤል ጦር በቀጥታ የሚቆጣጠረው ክፍሏ ኤች 2 ይባላል።

ክፍፍሉ የመጣው በጥር 1997 ነው (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በያሲር አራፋት የሚመራው የፍልስጤም ነፃ አውጪ ድርጅትና የቤንያሚን ኔታንያሁ መንግሥት በተፈራረሙት የኬብሮን ስምምነት መሠረት፣ ከከተማዋ 80 በመቶ የሚሆነው ኤች 1 ተብሎ ጸጥታው ለፍልስጤም ፖሊስ ተላለፈ። ቀሪው 20 በመቶ በጦሩ እጅ ቀረ፤ አሮጌው ከተማ፣ ዋናው ገበያና የአበው መቃብር ያለበት የኢብራሂሚ መስጊድ የሚገኙት በዚህ ውስጥ ነው። በኤች 2 ውስጥ 33,000 ያህል ፍልስጤማውያንና በጥቂት መቶዎች የሚቆጠሩ ሰፋሪዎች ይኖራሉ። ትምህርት ቤቱ፣ ጤናውና ቆሻሻ ማንሳቱ የፍልስጤም አስተዳደር ሥራ ነው፤ ማን በየትኛው መንገድ እንደሚያልፍ የሚወስነው ግን የጦሩ አዛዥ ነው።

አይሁዳውያን በኬብሮን ለብዙ ዘመናት ኖረዋል። በ1929 በተነሣው ሁከት 67 አይሁዳውያን ተገደሉ፤ ብዙዎችን አረብ ጎረቤቶቻቸው በየቤታቸው ሸሽገው ቢያተርፏቸውም ማኅበረሰቡ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከተማዋን ለቆ ወጣ። እስራኤል ከተማዋን ከያዘችበት ከ1967ቱ ጦርነት በኋላ፣ በ1968 የአይሁድ ፋሲካ፣ ራቢ ሞሼ ሌቪንገርና ተከታዮቻቸው ሆቴል ተከራይተው ገቡና አንወጣም አሉ። በዚህ የተነሣ ኪርያት አርባዕ የተባለው ሰፈራ ከከተማዋ ጥግ ተቆረቆረ፤ በ1979 ደግሞ ሴቶችና ልጆች ቤት ሃዳሳ ወደተባለው ሕንፃ ገብተው የመሐል ከተማው ሰፈራ ተጀመረ።

በየካቲት 1994 የኪርያት አርባዕ ነዋሪ ባሩክ ጎልድስታይን በኢብራሂሚ መስጊድ ሲሰግዱ በነበሩ ሰዎች ላይ ተኩሶ 29 ገደለ። ከዚያ ቀጥሎ የሆነውን ያላወቀ ሰው ኤች 2ን አይረዳም። ሬሳ የተነሣው ከፍልስጤማውያን ቤት ሆኖ ሳለ መንገድ የተዘጋውም በእነሱ ላይ ነበር። መስጊዱ ለሙስሊሞችና ለአይሁዳውያን ለሁለት ተከፈለ፤ የከተማዋ ዋና የገበያ ጎዳና የነበረው የሹሃዳ መንገድ ለፍልስጤማውያን መኪኖች ተዘጋ፤ የጅምላ ገበያውም ተዘጋ። ከ2000 ሁለተኛው ኢንቲፋዳ (የፍልስጤማውያን አመፅ) ወዲህ ደግሞ በአብዛኛው የመንገዱ ክፍል ፍልስጤማውያን በእግር መሄድም ተከለከሉ።

በዚህ መንገድ ላይ ቤት ያለው ቤተሰብ የፊት በሩ በብየዳ ታሽጎበታል። የሚወጣውና የሚገባው በጓሮ ነው፤ አንዳንዱ ቤተሰብ በመሰላል ጣራ ላይ ወጥቶ በጎረቤት ጣራ ይሻገራል። ነፍሰ ጡሯም፣ ጉልበታቸው የደከመ አያትም መውጫቸው ይኸው ነው። ፍልስጤማዊ መኪና ይዞ ስለማይገባ የጋዝ ሲሊንደሩም የዱቄት ጆንያውም በሰው ትከሻ ወይም በእጅ ጋሪ በኬላው ያልፋል። ኬላው የሚሽከረከር የብረት በርና መፈተሻ አለው፤ ወታደሩ በሩን እስኪከፍት ሰው ከነሸክሙ ቆሞ ይጠብቃል። አምቡላንስ እንኳ ለመግባት አስቀድሞ ከጦሩ ጋር መነጋገር አለበት፤ ምጥ ግን ቀጠሮ አያውቅም።

ቴል ሩሜይዳ በተባለው ሰፈር ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ነዋሪዎች በጦሩ ተመዝግበው ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። ዝርዝሩ ላይ የሌለ ፍልስጤማዊ በኬላው አያልፍም። ይህ አንድ ሕግ የቤተሰብን ኑሮ ምን ያህል እንደሚያናጋ ለማየት ተራ ነገሮችን ማሰብ ይበቃል። ተድራ ሌላ ሰፈር የሄደች ልጅ ለኢድ ወላጆቿን ልትጠይቅ ብትመጣ ትመለሳለች። ቧንቧ ቢፈነዳ ጠጋኙ አይገባም። ለሠርግም ሆነ ለለቅሶ ዘመድ አይሰበሰብም። መስኮቶቹ ከሰፋሪዎች ድንጋይ ለመዳን በሽቦ ታጥረዋል፤ ልጆች የሚያድጉት ሰማዩን በሽቦው ቀዳዳ እያዩ ነው።

አሮጌው ገበያ ውስጥ ደግሞ ከሱቆቹ በላይ ሌላ ሽቦ ተዘርግቷል። ሰፋሪዎች የሚኖሩት ከላይኛው ፎቅ ስለሆነ ጠርሙሱ፣ ድንጋዩና ቆሻሻው ሁሉ እዚያ ላይ ይከማቻል። ሽቦው ድንጋይ ይይዛል፤ እጣቢና እንቁላል ግን አይይዝም። ሸቀጡ ላይ ቆሻሻ ውኃ የፈሰሰበት ነጋዴ አጠገቡ ላለው ወታደር ቢናገር፣ ሰፋሪዎችን መያዝ የፖሊስ ሥራ ነው ይባላል፤ ፖሊስ ጣቢያው ያለው ኪርያት አርባዕ አጠገብ ነው። በአንድ መንገድ ላይ ሁለት ሕግ ይሠራልና። ሰፋሪው የሚዳኘው በእስራኤል የሲቪል ሕግ ነው፤ ፍልስጤማዊው ግን ወታደራዊ ፍርድ ቤት ይቀርባል። የሰፈራውን ጉዳይ ከሃይማኖትም ከፖለቲካም አንፃር ለሚመለከት ሰው ብዙ የሚያከራክር ነገር አለ፤ በአንድ ደጃፍ ላይ ለሁለት ጎረቤታሞች ሁለት ሕግ ማውጣትን ግን ፍትሕ ብሎ የሚጠራ ሰው በበኩሌ አልቀበልም።

የእስራኤል መንግሥት መልሱ ደኅንነት ነው፤ ስጋቱም ባዶ ወሬ አይደለም። በ2001 አንዲት የሰፋሪዎች ሕፃን በፍልስጤማዊ አነጣጣሪ ተኳሽ ተገድላለች፤ በ2002 በኪርያት አርባዕ መንገድ ላይ በተጣለ ደፈጣ 12 ወታደሮችና የጸጥታ ሰዎች ሞተዋል። ነገር ግን ጥቂት መቶ ሰዎችን ለመጠበቅ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ከገዛ መንገዳቸው ማስወጣት ከተማን ባዶ ያደርጋል፤ አድርጓልም። በ2006 በተደረገ ቆጠራ በመሐል ከተማው 1,829 የንግድ ቤቶች ተዘግተው፣ ከ1,000 በላይ መኖሪያ ቤቶችም ባዶ ሆነው ተገኝተዋል። ከሱቆቹ በመቶዎች የሚቆጠሩት በቀጥታ በጦሩ ትእዛዝ የተዘጉ ሲሆኑ፣ ሌሎቹ ገዢ ሲያጡ በራሳቸው ዘግተዋል።

ከሰፈራዎቹ ራቅ ያለው የኤች 2 ክፍል ሌላ ችግር አለበት፤ ብዙም አይወራለትም። የፍልስጤም ፖሊስ እንደ ልቡ አይገባም፣ የእስራኤል ጦር ደግሞ የፍልስጤማውያንን ጠብ ለማብረድ ብሎ አይመጣም። በዚህ የተነሣ የጎሳ ቂም በጥይት የሚወራረድበት ጊዜ አለ፤ ተራው ነዋሪ አቤት የሚልበት የለውም።

የቀረው ሰው የቀረው ወዶና ወስኖ ነው። በ1996 የተቋቋመው የኬብሮን መልሶ ግንባታ ኮሚቴ አሮጌ ቤቶችን አድሶ ቤተሰቦችን ያለ ኪራይ ወይም በቅናሽ ያስገባል። መጽናቱን ሱሙድ ይሉታል፦ ልጅን ወደ ኮርዶባ ትምህርት ቤት በኬላ መካከል አሳልፎ መላክ፣ ማታም የብረቱን በር አልፎ ወደዚያው ቤት መመለስ። ሐማስ በጥቅምት 2023 በእስራኤል ላይ ካደረሰው ጥቃት በኋላ ይህ ሁሉ ከበደ። በኤች 2 ባሉ 11 ሰፈሮች 750 የሚሆኑ ቤተሰቦች ለሁለት ሳምንት ከቤት እንዳይወጡ ታገዱ፤ ቀጥሎም በሳምንት ሦስት ቀን፣ ጠዋት ለአንድ ሰዓት ያህል፣ ማታም ለአንድ ሰዓት ያህል ብቻ እንዲወጡ ተፈቀደላቸው።

የ1997ቱ ሰነድ ክፍፍሉ የከተማዋን አንድነት እንደማያፈርስ ይናገራል፤ የሹሃዳ መንገድ እንደሚከፈት፣ የጅምላ ገበያውም የችርቻሮ ገበያ ሆኖ እንደሚከፈት ተስማምተውበት ነበር። መንገዱ ዛሬም ዝግ ነው። ስምምነቱን ይታዘቡ የነበሩት የኖርዌይ፣ የጣሊያን፣ የስዊድን፣ የስዊዘርላንድና የቱርክ ታዛቢዎች እስራኤል ፈቃዳቸውን አላድስም ስላለች በ2019 መጀመሪያ ወጡ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የእስራኤል የመከላከያ ሚኒስትር የነበሩት ናፍታሊ ቤኔት በጅምላ ገበያው ቦታ ላይ አዲስ የሰፋሪዎች መኖሪያ እንዲታቀድ ፈቀዱ።