«ወፍራም ስለሆነ አይበሳም»፦ ስለ ሳንድዊች ጀልባ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ወርክሾፓችን ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ ነው። አካባቢው ሐይቅ የለውም፤ ግን ለዝዋይ፣ ለላንጋኖና ለሐዋሳ ጀልባ የሚያሠራና የሚያስጠግን ሰው ይመጣል። አብዛኛው የሚጠይቀን ስለ ሳንድዊች ነው። ሳንድዊች ማለት ሁለት ስስ የፋይበር ግላስ ሽፋን፣ መሃሉ ላይ ቀለል ያለ ፎም ወይም ባልሳ እንጨት ነው።

«ወፍራም ስለሆነ ምት ይችላል።»
ውፍረቱ የሚጠቅመው እንዳይታጠፍ ነው። ያንኑ ፋይበር ግላስ ለሁለት ከፍለው፣ መሃሉ ፎም አስገብተው ውፍረቱን እጥፍ ቢያደርጉት፣ ለመታጠፍ ወደ 7 እጥፍ ያስቸግራል። ክብደቱ ብዙም አይጨምርም። ሹል ድንጋይ ሲመጣ ግን ፊት ለፊት የሚያገኘው የውጩን ስስ ሽፋን ብቻ ነው። ድፍን ፋይበር ግላስ ቢሆን ሙሉ ውፍረቱ አብሮ ይቋቋማል። ብዙ ጀልባ ሠሪዎች የጀልባውን ሆድ መሃል ለመሃል ድፍን የሚያደርጉት ለዚህ ነው።

«ስንጥቅ ካልታየ ሰላም ነው።»
እኔን የሚያስጨንቀኝ ይሄኛው ነው። በቅርቡ ድንጋይ የነካው ጀልባ መጣልን። ላዩ ያበራል። የአንድ ብር ሳንቲም አውጥቼ ከጫፍ ማንኳኳት ጀመርኩ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ከአፍንጫው አንድ ክንድ ያህል ስርቅ ድምፁ ደነዘዘ። ዱብ፣ ዱብ። በእርሳስ ስከበው የሰሃን ያህል ሆነ። ቆርጠን ስናየው ፎሙ ደቋል፣ ከሽፋኑም ተላቋል። ሽፋኑ ተመትቶ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ የደቀቀው ፎም ግን አይመለስም። ከዚያ ውሃ ከገባ፣ በተለይ መሃሉ ባልሳ ከሆነ፣ ይበሰብሳል።

«ካርቦን ከሆነማ ምንም አይነካውም።»
ካርቦን ፋይበር ቀላልና ግትር ነው። ግን የፋይበር ግላስን ያህል ሳይለጠጥ ይሰበራል። ለምት ኬቭላር (ጥይት መከላከያ ልብስ የሚሠራበት ፋይበር) ይሻላል።

«ፎም ያው ፎም ነው።»
አይደለም። አንዳንዱ ፒቪሲ ፎም ሲመታ ጎንበስ ብሎ ይችለዋል፤ ደረቁ ደግሞ ይሰነጠቃል። ሲያሠሩ የትኛው እንደሚገባ ይጠይቁ።

«ስቱኮ ቀባ አድርገህ ቀለም ርጭበት።»
በጣም ይለምኑናል። እኛ እንቢ እንላለን። የደቀቀው ፎም ወጥቶ፣ ቦታው ደርቆ፣ በአዲስ ይተካል። የቁስሉም ዙሪያ ቀስ እያለ እየሳሳ ይፋቃል፤ ሽፋኑ 2 ሚሊ ከሆነ በየአቅጣጫው 24 ሚሊ ያህል። አዲሱ ፋይበር የሚይዘው እዚያ ላይ ነው።