ፒኤስኤ ከፍ ሲል፦ ስለ ፕሮስቴት የደም ምርመራ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የአባት የላብራቶሪ ውጤት ፎቶ በቴሌግራም ይላካል። ፒኤስኤ 6.8፣ ከጎኑ ወደ ላይ የሚያሳይ ቀስት። ቤተሰቡ እንቅልፍ ያጣል። አንዱ ከአሜሪካ ይደውላል፣ ሌላው ጎግል ላይ ያነባል። ለራሳቸው ለአባት ግን ማንም ደፍሮ አይነግራቸውም። ይህን ያህል ከመደንገጥ በፊት ቁጥሩ ምን እንደሚል፣ ምን እንደማይልም ማወቅ ይበጃል።

“ፒኤስኤ የሚገኘው ካንሰር ሲኖር ነው”

አይደለም። ፒኤስኤ ጤነኛ ፕሮስቴት (ከወንዶች የሽንት ፊኛ በታች ያለ ዕጢ) የሚያመርተው ፕሮቲን ነው። ሥራው የዘር ፈሳሽን ማቅጠን ነው። ጥቂቱ ወደ ደም ያልፋል፤ የሚለካውም እሱ ነው።

“ከ4 በላይ ከሆነ አለቀ፣ ካንሰር ነው”

ብዙ ቤተሰብ የሚታመሰው በዚህ ነው። ውጤታቸው ከ4 እስከ 10 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ከሆነና ባዮፕሲ (ከፕሮስቴቱ ናሙና ተወስዶ የሚደረግ ምርመራ) ከተደረገላቸው ወንዶች መካከል ካንሰር የሚገኝባቸው ከአራቱ አንዱ ገደማ ናቸው። ከ10 ሲያልፍ ግን ዕድሉ ከግማሽ በላይ ይሆናል፤ እንዲህ ያለውን ውጤት ችላ ማለት አይገባም።

ታዲያ የቀሩት ለምን ከፍ አለባቸው? ፕሮስቴት በዕድሜ ያድጋል፣ ሲያድግ ፒኤስኤም ይጨምራል። የፕሮስቴት ወይም የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንም ከፍ ያደርገዋል። አንድ አባት ሌሊት ሽንት እምቢ ብሏቸው ድንገተኛ ክፍል ገቡ እንበል። ካቴተር (የሽንት ማውጫ ቱቦ) ይገባላቸዋል። ጠዋት ደም ሲቀዳ እግረ መንገዱን ፒኤስኤም ይታዘዛል። ውጤቱ 15 ቢሆን አይገርምም። ሽንት መዝጋቱም ካቴተሩም ቁጥሩን ያንሩታልና። ኢንፌክሽን ካለ ታክሞ፣ ስድስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ምርመራው መደገም አለበት።

ከምርመራው በፊት ላሉት ሁለት ቀናት ደግሞ ከግብረ ሥጋ ግንኙነትና ከብስክሌት መታቀብ ጥሩ ነው። ይህን ለአባት መንገር ያሳፍራል፤ ቢሆንም ይነገራቸው። ድጋሚውም ከፍ ካለ ኤምአርአይ፣ ካስፈለገም ባዮፕሲ ይከተላል። ካንሰር መሆኑ የሚረጋገጠው በባዮፕሲ ነው።

ይህ የፒኤስኤ ብቻ ጠባይ አይደለም። የእንቁላል ዕጢ ካንሰር ሲጠረጠር ለሴቶች የሚታዘዘው ሲኤ-125 የተባለ የደም ምርመራ በሆድ ቲቢ ምክንያትም በጣም ሊያሻቅብ ይችላል። ቲቢ በሚበዛበት አገራችን ይህን መርሳት አደገኛ ነው።

“ከ4 በታች ስለሆነ ነጻ ነኝ”

እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ፒኤስኤያቸው 4 እና ከዚያ በታች የሆኑ ወንዶችንም ባዮፕሲ አድርጎ ነበር። 15 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ላይ ካንሰር ተገኘ። አብዛኛው አደገኛ ዓይነት አልነበረም፣ ጥቂቱ ግን ነበር። ስለዚህ ከአንድ ውጤት ይልቅ የዓመታት ጉዞው ይበልጥ ይናገራል። የቆዩ ወረቀቶችን አትጣሉ፤ ቢቻል በአንድ ላብራቶሪ ተመርመሩ።

ቁጥሩን ዝቅ የሚያደርግ መድኃኒትም አለ። ለፕሮስቴት ማደግ ወይም ለፀጉር መሳሳት የሚሰጠው ፊናስቴራይድ ከወራት በኋላ ፒኤስኤን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። 3 የሚለው ውጤት እንደ 6 መነበብ አለበት ማለት ነው። መድኃኒቱን እንደምትወስዱ ሐኪሙ ካልጠየቃችሁ እናንተ ንገሩት።

“ሽንቴ ደህና ነው፣ ምርመራ አያስፈልገኝም”

ጀማሪ የፕሮስቴት ካንሰር ብዙ ጊዜ ምልክት የለውም። ሌሊት ሌሊት ለሽንት የሚያስነሳው በአብዛኛው ካንሰር ያልሆነው የፕሮስቴት ማደግ ነው።

“እንግዲያው ሁሉም ወንድ በየዓመቱ ይመርመር”

ይሄም ልክ አይደለም። ፒኤስኤን እ.ኤ.አ. በ1970 ካገኙት ተመራማሪዎች አንዱ የሆኑት ሪቻርድ አብሊን ራሳቸው የጅምላ ምርመራን አጥብቀው ተቃውመዋል። ምክንያቱም ብዙው የፕሮስቴት ካንሰር ቀስ ብሎ የሚሄድ ነው፤ ዕድሜ ልክ ሳይጎዳ ሊቀር ይችላል። ሕክምናው ግን ሽንት አለመቆጣጠርና የስንፈተ ወሲብ ችግር ሊያስከትል ይችላል። በሌላ በኩል ሰፊ የአውሮፓ ጥናት ምርመራው በፕሮስቴት ካንሰር የሚመጣን ሞት እንደሚቀንስ አሳይቷል። የአሜሪካ የመከላከል ሕክምና ግብረ ኃይል እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ምክር ከ55 እስከ 69 ዓመት ያሉ ወንዶች ከሐኪማቸው ጋር ተመካክረው ይወስኑ፣ 70 ከሞላቸው በኋላ ግን አይመከርም ብሏል። አባቱ ወይም ወንድሙ በዚህ ካንሰር የታመመበት ሰው ውይይቱን ቀደም ብሎ ቢጀምር ይሻላል። አሜሪካ ውስጥ በጥቁር ወንዶች ላይ በሽታው በብዛት ስለሚታይ፣ እዚያ ያላችሁ ሐኪሙ እስኪያነሳው አትጠብቁ።

“ካንሰር ከተገኘ ዛሬ ነገ ሳይባል ቀዶ ጥገና”

ከፕሮስቴት ላልወጣ ካንሰር የግድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የእንግሊዝ ጥናት ውጤት እንደሚለው በቅርብ ክትትል፣ በቀዶ ሕክምናም ሆነ በጨረር ከተያዙት ውስጥ 97 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ከ15 ዓመት በኋላ በዚህ ካንሰር አልሞቱም።

“ከቀዶ ሕክምና በኋላም ከ4 በታች ከሆነ ደህና ነው”

ከሁሉም ይህኛው ያስፈራኛል። ፕሮስቴቱ ሙሉ በሙሉ ከወጣ ፒኤስኤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደማይለካ መጠን መውረድ አለበት። ላብራቶሪው 0.5 ጽፎ ከጎኑ “ኖርማል” ሊል ይችላል፤ ያ መለኪያ የተሠራው ፕሮስቴት ላለው ሰው ነው። 0.2 ደርሶ በድጋሚ ምርመራም ያው ከሆነ ሐኪሞች ካንሰሩ ተመልሷል ብለው ያስባሉ። በዚያ ሰዓት በጊዜ የሚጀመር ጨረር ሊያድን ስለሚችል ወረቀቱን ይዞ ወደ ቀዶ ሐኪሙ መሄድ ነው።