ሮሜ 13 መንግሥትን አትቃወሙ ይላል?

«ነፍስ ሁሉ በበላይ ላሉት ባለ ሥልጣኖች ይገዛ» የሚለው ቃል ብዙ ክርስቲያኖችን ያደናግራል። መንግሥትን መተቸት ኃጢአት የሚመስለው ሰው ሁሉ አለ። አይደለም።

ጳውሎስ ራሱ ምን እንዳደረገ እዩ። ፊልጵስዩስ ከተማ ላይ ከአገልግሎት ጓደኛው ከሲላስ ጋር ሳይፈረድበት በአደባባይ በበትር ተደብድቦ ታሰረ። ሲነጋ ገዢዎቹ «ፍቷቸው» ብለው ሰው ሲልኩ፣ እሱ ግን እኛ የሮም ዜጎች ሆነን ሳለ ያለ ፍርድ ደብድበውናል፣ አሁን ደግሞ በስውር ሊያስወጡን ነው እንዴ፣ ራሳቸው መጥተው ያውጡን አለ። መጡም፣ ለመኗቸውም (ሐዋ. 16)። በኋላም ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሏል።

ሕግ አክብሩ፣ ግብር ክፈሉ፤ ምዕራፉ የሚለው ይሄንን ነው። የመንግሥት ትእዛዝ ከእግዚአብሔር ትእዛዝ ጋር ከተጋጨ ግን፣ ሐዋርያት ለአይሁድ ሸንጎ የመለሱት ግልጽ ነው፦ «ከሰው ይልቅ ለእግዚአብሔር ልንታዘዝ ይገባል።»

ዴሞክራሲ ላይ አንድ ነገር ይጨመራል። ያኔ ተራው ሰው ቄሣርን አይመርጥም ነበር። አሁን ግን የሥልጣኑ ምንጭ መራጩ ነው። ድምፅ መስጠትን፣ ባለሥልጣንን መጠየቅን፣ በሰላም መቃወምን ሕጉ ራሱ ስለሚፈቅድ፣ ይህን የሚያደርግ ክርስቲያን አላመፀም። የመረጥነው ሰው በትክክለኛ ምርጫ ሲሸነፍ ውጤቱን መቀበልም የዚሁ መገዛት አካል ነው፤ ይሄኛው ደግሞ ብዙ ጊዜ ይረሳል።