ኦርደር ሲጠፋ በጋርመንት ሠራተኛ ላይ የሚነገሩ የተሳሳቱ ነገሮች

እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያ የአጎዋ (የአፍሪካ አገሮች ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ የሚልኩበት የአሜሪካ ሕግ) ተጠቃሚነቷን አጣች። ከሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሸሚዝ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ መላክ ቀረ። ትልቁ የአሜሪካ ልብስ ኩባንያ ፒቪኤች ደግሞ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2021 እዚያ ያለውን ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታውቋል። ያኔ ስፌት መስመር ላይ ሱፐርቫይዘር ነበርኩ። በየስብሰባው የምሰማቸው አባባሎች እስከ ዛሬ ያንገበግቡኛል።

«ሠራተኛ ደሞዝ ጨምሩልኝ ከማለት ውጪ ሐሳብ የለውም።»

ይሄ ፈጽሞ ስህተት ነው። አንድ ሰሞን መስመራችን በየቀኑ ከታርጌት በታች ይገባ ነበር። «ልጆቹ ሰንፈዋል» ተባለ። ኮሌታ የምትሰፋዋን ልጅ ለብቻዋ ጠየቅኳት። «ጠዋት የተቆረጠው ጨርቅ ይዘገይብናል። ሲመጣም ሚዲየሙ ከላርጁ ተደባልቆ ነው። እሱን ስንለይ ሰዓቱ ይሄዳል» አለችኝ። ከመቁረጫ ክፍል ጋር ተነጋገርን። ጨርቁ ማታውኑ በየሳይዙ ታስሮ፣ ማሽኖቹ አጠገብ ማደር ጀመረ። አንድ ብር አልወጣበትም። ልጅቷ ችግሩን ካወቀችው ቆይታለች፤ የጠየቃት ግን አልነበረም።

«ደሞዝ ዝቅ ካለ ፋብሪካው ያተርፋል።»

የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ጥናት፣ ሐዋሳ ላይ መነሻ ደሞዝ በወር 26 ዶላር ገደማ ነበር። እዚያው ጥናት ላይ ሌላም ነገር አለ፦ ፋብሪካዎቹ በአማካይ በዓመት ውስጥ ሠራተኛቸውን በሙሉ ይቀይሩ ነበር። ለአራት አንድ ክፍል የተከራየች ሠራተኛ ከኪራይና ከምግብ የሚተርፍ ካጣች ወደ ቤተሰቧ ትመለሳለች። በእሷ ቦታ የምትቀመጠው አዲስ ልጅ እጇ እስኪፈታ ወራት ይፈጃል። እስከዚያ የሚበላሸው ሸሚዝ ኪሳራው የማን ነው?

ሠራተኛ መቀነስም እንደሚባለው ርካሽ አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደሞዝ ስንብት አለ፤ ለቅነሳ ደግሞ የ60 ቀን ይጨመራል።

«የጎደለውን ሰው ኦቨርታይም ይሸፍነዋል።»

አዋጁ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት በላይ አይፈቅድም። ክፍያውም ቢያንስ አንድ ተኩል እጥፍ ነው። ደግሞ በደከመ እጅ የተሰፋው ጠዋት ተፈትቶ እንደገና ይሰፋል።

«መጥፎ ዜና ለሠራተኛ አይነገርም።»

ባይነገርም ወሬው ካፌ ላይ ቀድሞ ይደርሳል። የሚፈራ ሰው ሌላ ሥራ ይፈልጋል፤ መጀመሪያ የሚሄዱትም ጎበዞቹ ናቸው። እኛ ጋ አንድ ጊዜ ኦርደሩ በግማሽ መቀነሱ በግልጽ ተነገረ። ሠራተኞቹ ዝም ብለው ካዳመጡ በኋላ አንዷ እጇን አወጣች። «ማንም ከሚቀነስ የዓመት ፈቃዳችንን በተራ አሁን እንውጣ» አለች። በነጋታው ጠዋት የተራው ዝርዝር ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ነበር። የጻፉት ራሳቸው ናቸው።