ውሳኔ ባጃጅ ያቆማል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሐዋሳ ፒያሳ ላይ አንድ ሰው ሐይቁ ዳር ወዳለው አሞራ ገደል ለመሄድ ይወስናል፤ እጁን ያነሣል፤ ባጃጅ ይቆማል። ውሳኔ አይመዘንም፣ አይዳሰስም፤ ባጃጁ ግን ብረት ነው። ያ ይህን እንዴት አቆመው?

«ሐሳብ ከበረታ በራሱ ውጭ ይሠራል።»
አይሠራም። ከአንጎል የተነሣው ምልክት በአከርካሪ በኩል ወደ ክንድ ጡንቻ ይወርዳል፤ እጅ ይነሣል፤ ሾፌሩ ያያል፣ ይረዳል፣ ፍሬን ይይዛል። ሾፌሩ ፊቱን ካዞረ ባጃጁ ያልፋል፤ የሰውየው ውሳኔ ግን ቅንጣት አልቀነሰም። ለዚህ ነው ፈላስፎች በአድራጊው ውስጥ የሚቀረውን (መወሰንን) ወደ ሌላ ከሚሻገረው (ከማስቆም) የሚለዩት። ለክፉ ዓይንም ሆነ ለ«አጥብቀህ ተመኝ፣ ይመጣል» ስብከት ጥያቄው አንድ ነው፦ በምን በኩል?

«ይህን ዴካርት ጨርሶታል።»
ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዴካርት ነፍስና ሥጋ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው ይል ነበር። የቦሄሚያዋ ልዕልት ኤልሳቤጥ በ1643 እ.ኤ.አ. ጽፋ ጠየቀችው፦ መግፋት መነካካት ይፈልጋል፤ ነፍስ መጠንና ገጽ ከሌላት አካልን በምን ትገፋለች? እሱም የነፍስና የሥጋ አንድነት በሌላ ነገር የማይገለጽ መሠረታዊ ዕውቀት ነው አላት። አልረካችም፤ እውነቷንም ነው። ዴካርት በአንጎል መሐል ያለችውን ፓይኒያል ዕጢ የነፍስ መቀመጫ ብሎ መጥቀሱ «የት?» ለሚለው እንጂ «እንዴት?» ለሚለው መልስ አይሆንም። በኋላ ፈላስፋው ማልብራንሽ ክንዱን የሚያነሣው እግዚአብሔር ነው፣ የእኛ ፈቃድ ምክንያት መስጫ ብቻ ነው እስከ ማለት ደረሰ።

«የሊቤት ሙከራ ፈቃድ ከንቱ መሆኑን አረጋግጧል።»
የአንጎል ተመራማሪው ቤንጃሚን ሊቤት በ1983 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሙከራ የአንጎል የኤሌክትሪክ ዝግጅት ከእንቅስቃሴው ግማሽ ሰከንድ ያህል ቀድሞ ታየ፤ ሰዎቹ ፍላጎታቸውን ያወቁት 0.2 ሰከንድ ገደማ ሲቀር ነው። የታዘዙት ግን ያለ ምክንያት፣ ባሻቸው ቅጽበት እጃቸውን እንዲያንቀሳቅሱ ነበር። ልሂድ ወይስ ልቅር ብሎ ማውጠንጠን አልተለካም።

«ሁሉም የአንጎል ሥራ ከሆነ ሐሳብ ተመልካች ነው።»
ከባዱ ይኼ ነው። ፈላስፋው ጄግዎን ኪም በብርቱ ተከራክሮበታል፦ ክንዱን ለማንሣት የአንጎል ሁኔታ ከበቃ ለሐሳብ ምን ሥራ ተረፈ? ሌላው ፈላስፋ ዶናልድ ዴቪድሰን በ1970 እ.ኤ.አ. ሐሳቡ ራሱ ያው የአንጎል ክስተት ነው ብሎ ነበር፤ ሁለት ሠራተኛ ከሌለ ሽሚያ የለም። ተቺዎቹ አልለቀቁትም፦ ክስተቱ የሚሠራው በኤሌክትሪክነቱ ነው ወይስ «አሞራ ገደል ልሂድ» የሚል ሐሳብ በመሆኑ? ሰውየው እጁን ቢያነሣ፣ ቢያፏጭ ወይም ቢጣራ የሚሠራው ጡንቻ ይለያያል፤ ባጃጁ ግን በሦስቱም ይቆማል። ሦስቱን የሚያገናኛቸው የሐሳቡ ይዘት ነው፤ በጡንቻ ቆጠራ አይገኝም። ይህ ድርጊቱን ለማስረዳት ይበቃል፤ ለማንቀሳቀስስ? ክርክሩ ዛሬም ያለው እዚያ ላይ ነው።